ከቢታ ገነት ወደ ሕንድ፦ ዮጋ ለሚማር ሰው የኑሮ መመሪያ

ዮጋ ለመማር በካፋ ካለችው ከቢታ ገነት ተነሥቶ ወደ ሕንድ አገር ለመሄድ የቈረጠ ሰው፣ እግሬን በጭኔ ላይ አጥፌ መቀመጥ ይሳነኝ ይሆን እያለ አስቀድሞ ቢጨነቅ፣ ጭንቀቱ ያለ ቦታው የዋለ ነው፤ ይህንስ መምህሩ ቀስ በቀስ ያስተምረዋል። ይልቁንስ ሊያስብበት የሚገባው፣ ማንም መምህር በሰሌዳ ጽፎ የማያስተምረው የዕለት ኑሮ ነው፤ ይኸውም በስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ የትኛውን ውሃ እንደሚጠጣ፣ በጾም ቀን ምን እንደሚቀምስ፣ ወረቀቱን ለየትኛው ሹም እንደሚያሳይ፣ የሌላ ሃይማኖት ዜማ በሚዜምበት አዳራሽም ኅሊናው ሳይታወክ እንዴት እንደሚቀመጥ ነው። የካፋ ልጅ ግን ለዚህ ኑሮ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ጾምንና ስግደትን፣ ማለዳ መነሣትንና በቀኝ እጅ መብላትን፣ ከተቀደሰ ስፍራ ደጃፍ ጫማ ማውለቅን ከእናቱ ቤት ተምሮ ስለሚወጣ፣ ከአውሮፓ የመጣው ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚደናገርበት ብዙ ነገር ለእርሱ የቆየ ልማድ ነው።

ስፍራ ስለ መምረጥ

አንባቢ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድመው የት እንደሚማሩ ይወስኑ። ቅኔ የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዋድላ እየተባለ በየቤቱ መንገዱ እንደሚለያይ፣ ዮጋም በየመምህሩ ቤት ሥርዓቱ ልዩ ልዩ ነው። በደቡብ ሕንድ በማይሶር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት በማሃራጃው በክሪሽናራጃ ዋዲያር ጥላ ሥር ያስተማሩት ክሪሽናማቻርያ የሚባሉት ሊቅ፣ ዛሬ በዓለም ላይ የታወቁትን ሁለት ታላላቅ መምህራን አፍርተዋል፤ አንደኛው ፓታቢ ጆይስ እዚያው ማይሶር ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1948 የራሳቸውን ቤት ሲያቆሙ፣ ሁለተኛው አይየንጋር ወደ ፑኔ ከተማ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1975 ተቋማቸውን መሠረቱ። በፓታቢ ጆይስ መንገድ ትምህርቱ በትንፋሽ ልክ የሚፈስ ብርቱ እንቅስቃሴ ነው፤ በአይየንጋር መንገድ ግን ተማሪው በአንድ አቋም ረጅም ጊዜ እየቆየ በገመድ፣ በወንበርና በእንጨት እየተደገፈ የአጥንቱን አሰላለፍ ያርማል። በሰሜን ደግሞ የጋንጅስ ወንዝ ከሂማላያ ተራሮች ወደ ሜዳው በሚወርድበት በሪሺኬሽ፣ አስቀድመው ሐኪም የነበሩት ስዋሚ ሲቫናንዳ እ.ኤ.አ. በ1936 ያቋቋሙት ማኅበር ይገኛል፤ በዚያ ያለው ኑሮ ከትምህርት ቤት ይልቅ ገዳም ይመስላል። ዮጋን በሳይንስ መሣሪያ መመርመር የሚወድ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተውን የሎናቭላውን ካይቫልያዳማን ይጠይቅ።

የኔን ምክር የሚሹ ከሆነ፣ ከካፋ ደጋ ለሚሄድ ሰው ማይሶርን እመርጣለሁ። ቦንጋ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን ሪሺኬሽ አራት መቶ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ በግንቦትና በሰኔ የሰሜኑ ሜዳ ሙቀት ከአርባ ዲግሪ ሲያልፍ፣ በደን ጥላና በዝናብ ያደገ ሰው ከትምህርቱ ይልቅ ከፀሐዩ ጋር ሲታገል ይውላል። ማይሶር ግን ከሰባት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ አየሯ ለዘብ ያለ ከተማ ናት። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እርሱን ስለ ምግብ በምናገርበት ስፍራ እገልጸዋለሁ። ወደ ሪሺኬሽ መሄድ ግድ ቢሆንብዎ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይሂዱ፤ በታኅሣሥና በጥር ማለዳ ብርዱ ይበረታልና ጋቢ ይያዙ።

ስለ 200 ሰዓቱ የአሠልጣኝነት ምስክር ወረቀትም አንድ ቃል ልበል። ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተ የአሜሪካን ማኅበር ያወጣው ሲሆን፣ አንድ ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የሚፈጸምባቸው ቤቶች በሪሺኬሽ በየመንገዱ ሞልተዋል። ለጀማሪ ጥሩ መግቢያ ነው፤ በወር ውስጥ ግን ድጓ አይዘለቅም፤ ዮጋም እንዲሁ ነው። በዲግሪ ደረጃ ለመማር የሚፈልግ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመው የሕንድ የባህል ግንኙነት ምክር ቤት ከሚሰጣቸው ነጻ የትምህርት ዕድሎች ውስጥ በባህላዊ ሕክምናዎች ሥር ዮጋም የሚገኝ በመሆኑ፣ የማመልከቻውን ጊዜ አዲስ አበባ ካለው የሕንድ ኤምባሲ ይጠይቅ።

ስለ ወረቀትና ስለ ጓዝ

ፓስፖርትዎ በእጅዎ ሳይገባ ለማንም ትምህርት ቤት ገንዘብ አይላኩ። ጥቂት ሳምንታት ብቻ ለሚቆይ የዮጋ ትምህርት የጎብኚ ቪዛ የሚበቃበት ሥርዓት አለ፤ ለረጅሙ ግን ተቋሙ የተቀበለበትን ደብዳቤ ይዞ የተማሪ ቪዛ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከ180 ቀን በላይ የሚቆይ የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በገባ በ14 ቀን ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች መዝገብ መመዝገብ አለበት። ከዚህ ሌላ፣ ያደሩበት ቤት ባለቤት ሁሉ፣ ሆቴልም ይሁን የዮጋ ገዳም፣ የእንግዳውን ስም በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ አከራይዎ «ይህ አያስፈልግም» ቢልዎ በቸርነቱ አይደሰቱ፤ ዕዳው በኋላ በእርስዎ ላይ ይወድቃልና ሌላ ቤት ይፈልጉ።

የቢጫ ወባ ክትባት ሊዘነጋ አይገባም። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ ሕንድ ከመግባቱ ከአሥር ቀን በፊት መከተቡን የሚያስረዳ ቢጫ ካርድ ካልያዘ፣ እስከ ስድስት ቀን ተለይቶ እንዲቀመጥ ሊደረግ ይችላል። ቦንጋ በሚገኘው በገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል በኩል ሲያልፉም ወገብዎንና ጕልበትዎን ለሐኪም ያሳዩ፤ አሮጌ ሕመም ካለ አስቀድሞ ማወቅ፣ በኋላ በባዕድ አገር ከማወቅ ይሻላል።

ጓዝዎ ቀላል ይሁን። ሁለት ሰፋፊ የጥጥ ሱሪ፣ ትከሻ የሚሸፍን ልብስ፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ ጋቢ፣ የጸሎት መጽሐፍ። ነጠላው እንደ አንሶላ፣ እንደ ፎጣ፣ በተመስጦ ሰዓትም እንደ መከናነቢያ ያገለግላል። የዮጋ ምንጣፍ ከዚህ ተሸክሞ መሄድ ከንቱ ድካም ነው፤ እዚያ በርካሽ ይገኛል። ቡና የሚይዙ ከሆነ ቈልተውና ፈጭተው ይያዙ፤ ጥሬው ዘር ነውና ከዕፅዋት ቍጥጥር ሹማምንት ጋር ያከራክራል።

የቀኑ ሥርዓት

ሕንድ ከኢትዮጵያ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ከዚህ በላይ ግን የሚያሳስተው የሰዓት አቈጣጠሩ ነው፤ በግድግዳ ላይ የተለጠፈው የትምህርት ሰሌዳ «5» ቢል፣ በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማለት ነውና፣ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳውን በራስዎ እጅ በአማርኛ ገልብጠው ከራስጌዎ ያኑሩት። ይህን ያላደረገ ሰው ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ታጥቦ ሲደርስ አይቼ አዝኛለሁ፤ ያም ሰው እኔው ነበርሁ።

በአንድ የዮጋ ገዳም ውስጥ ያለው ቀን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይውላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ደወል ይደወላል፤ ተማሪው ታጥቦ በጨለማ ውስጥ ለተመስጦ ይቀመጣል፤ ከዚያ ፕራናያማ የሚባለው የትንፋሽ ሥርዓት፣ ቀጥሎም አሳና የሚባለው የሰውነት አቋም ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይሠራል። እስከዚህ ድረስ ሆድ ባዶ ነው፤ የቅዳሴን ሰዓት ጾሞ የሚያስቀድስ ሰው ይህን እንደ መከራ አይቈጥረውም። ከቁርስ በኋላ የጋራ ሥራ አለ፤ መጥረግ፣ ሽንኩርት በማይገባበት ወጥ ቤት አትክልት መላጥ፣ የአበባ መደብ ማጠጣት። «ካርማ ዮጋ» ይሉታል፤ እርስዎ ግን ደቦ ነው ብለው ይያዙት፤ የተቋሙን ሰዎች ከማንኛውም ትምህርት ይልቅ በፍጥነት የሚያስተዋውቅዎ ይህ ነው። ቀትር ላይ የፍልስፍናና የአካል አሠራር ትምህርት፣ በሠርክ ሁለተኛው የአሳና ክፍል፣ በምሽት ዜማና ስብከት፣ ከምሽቱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ስልክዎን በዚያ ሰዓት ከክፍሉ ውጭ ማኖር ካልቻሉ፣ በሦስተኛው ቀን ከደወሉ ጋር ጠላትነት ይጀምራሉ።

በማይሶር በፓታቢ ጆይስ መንገድ የሚያስተምሩት ቤቶች ግን ሥርዓታቸው ሌላ ነው። ተማሪው በተመደበለት ሰዓት በደጅ ይጠብቃል፤ አንዱ ጨርሶ ሲነሣ መምህሩ ሌላውን ይጠራል፤ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ሆኖ ያውቀው የነበረውን ለራሱ ይሠራል፤ መምህሩም እንደ ቅኔ መምህር በመካከላቸው እየዞረ አንዱን ያርማል፣ ለሌላው አንድ አዲስ አቋም ይጨምርለታል። ቅዳሜ ዕረፍት ነው፤ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና በምትወለድበት ቀንም አይሠራም። ስለዚህ ቀኑን በጨረቃ እየቈጠሩ ልብስ የሚያጥቡበትን፣ ገበያ የሚወጡበትን ይወስኑ።

አንዳንድ ቤት በሳምንት አንድ ቀን አርምሞ ያዝዛል። ይህንንም የሱባኤ ወግ የሚያውቅ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል።

ስለ ምግብ፣ ስለ ውሃ፣ ይልቁንም ስለ ቡና

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም የተማሪው ልብ የሚሸፍተው በምላሱ በኩል ነው።

በብዙ የዮጋ ገዳም ሥጋና እንቍላል አይገባም፤ በሪሺኬሽ ከተማ እንኳ ሥጋና መጠጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ይህ ለጾመኛ ሰው ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን ወተትና «ጊ» የሚባለው የተነጠረ ቅቤ በሁሉ ነገር ውስጥ ይገባልና፣ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም የሚጠብቅ ሰው በሂንዲ ቋንቋ «ቢና ዱድ፣ ቢና ጊ» ማለትን፣ ይኸውም «ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ» ማለትን በመጀመሪያው ቀን ይማር፤ በማይሶር ደግሞ «ሃሉ ቤዳ» ቢል ወተት እንደማይፈልግ ይገባቸዋል። ወጥ ቤቱን የሚመራውን ሰው ቀርበው የጾሙን ወራት አስቀድመው ቢነግሩት፣ ጾም በዚያ አገር የተከበረ ነገር ስለ ሆነ፣ በደስታ ይተባበርዎታል። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ኅሊናን ያነሣሣሉ ተብለው በብዙ ገዳም የማይቀርቡ በመሆናቸው፣ በካፋ ወጥ ላደገ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት ምግብ አልጫ መስሎ ይታየዋል። ይታገሡ፤ ምላስ በአሥር ቀን ይማራል።

ቆጮን ማንም አያውቀውም፤ ስለ እርሱ ተስፋ ይቍረጡ። ነገር ግን ማይሶርን የመረጥሁበት ምክንያት ይህ ነው፤ የዚያ አገር ሰው «ራጊ» እያለ የሚበላው እህል የእኛው ዳጉሳ ነው፤ ከእርሱም «ራጊ ሙዴ» የሚባል፣ ገንፎን የሚመስል ጠንካራ ድብልብል ሠርቶ እየቈረሰ በወጥ እያጠቀሰ ሳያኝክ ይውጠዋል። ከሩዝና ከምስር መሰል እህል ተቦክቶ፣ አድሮ ኮምጥጦ በምጣድ የሚጋገረው «ዶሳ»፣ እንጀራ የናፈቀን ሰው ፈጽሞ ባያጠግበውም ያጽናናዋል። «ዳል» ክክ ወጥ፣ «ቻፓቲ» ቂጣ ነው። ሄል በሻይም በጣፋጭም ይገባል፤ ከኮረሪማችን ጋር ዘመድ ነው፣ ሽታው ግን የቀለለ ነው።

ቡናን በተመለከተ ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ በሕንዶች ትውፊት እንደሚነገረው፣ ባባ ቡዳን የተባለ የእስልምና መናኝ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከየመን ሰባት የቡና ፍሬ ደብቆ አምጥቶ በማይሶር ግዛት በቺክማጋሉር ተራራ ላይ ተክሏል፤ ተራራውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከጫካችን ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ማይሶር የተሻገረውን ያን የአገር ልጅ በየሻይ ቤቱ ያገኙታል፤ ብቻ ቺኮሪ የሚባል የተቈላ ሥር ተቀላቅሎበት፣ በወተትና በስኳር ተውጦ ስለሚቀርብ፣ ሲያዩት ላያውቁት ይችላሉ። ሁለተኛው የሚያሳዝን ነው፤ በብዙ የዮጋ ገዳም ቡና የተከለከለ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ በራስ ምታት ተይዞ፣ የዮጋው ሥራ ያመመው እየመሰለው ሦስት ቀን ይተኛል። ስለዚህ ከመሄድዎ ከሦስት ሳምንት በፊት ከቀኑ ሦስት ስኒ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን እየቀነሱ ይምጡ፤ በመጨረሻው ሳምንት ጠዋት ጠዋት አንድ ስኒ ብቻ ይቅር።

ውሃ አፍልተው ወይም አጣርተው ብቻ ይጠጡ፤ ከሱቅ ሲገዙ ክዳኑ ያልተከፈተ መሆኑን ይመልከቱ፤ በረዶ የገባበትን ጭማቂ ይተዉ። ለተቅማጥ የሚሆን ሕይወት አድን ከጓዝዎ አይለይ። «ኔቲ» የሚባል፣ በትንሽ ማንቈርቈሪያ ለብ ያለ የጨው ውሃ በአፍንጫ የሚያልፍበት የማንጻት ሥርዓትም ያጋጥምዎታል፤ በዚህ ላይ ቸልታ የለም፤ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ያልፈላ ውሃ በአፍንጫ ሲገባ ሕይወት የሚያጠፋ ተሐዋሲ ሊያስገባ ይችላልና።

ስለ ሃይማኖት

ከአገር ሳይወጡ የነፍስ አባትዎን ያማክሩ። ዮጋ ሰውነት ማሳሳቢያ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች እውነቱን ግማሽ ብቻ ይናገራሉ፤ የዮጋ መሠረታዊ መጽሐፍ በሆነው በፓታንጃሊ ድርሰት ከተቈጠሩት ስምንት ክፍሎች አሳና አንዱ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ምግባርን፣ ተዐቅቦንና ተመስጦን የሚመለከቱ ናቸው፤ በገዳሞቹም የአማልክት ስም ይዜማል፤ በሪሺኬሽ በሠርክ ለወንዙ መብራት ይቀርባል። በሌላ ወገን ደግሞ ሁሉን ነገር አምልኮ ነው ብሎ መሸሽ ስሕተት ነው፤ «የፀሐይ ሰላምታ» የሚባለውን የአሥራ ሁለት እንቅስቃሴ ሰንሰለት እንኳ በዘመናችን በሰፊው ያስፋፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለጤና ማጐልመሻ ብለው ያስተማሩት የአውንድ መስፍን ናቸው። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት «በዜማው መገኘት ግዴታ ነው ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ግዴታ ካልሆነ በዚያ ሰዓት ክፍልዎ ሆነው ዳዊትዎን ይድገሙ፤ ቢገኙም ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር አይደለም፤ አስተናጋጆቹን ግን በክርክር አያስቀይሙ።

ቤተ ክርስቲያንም አያጡም። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ሶርያዊት ቤተ ክርስቲያን፣ ሐዋርያው ቶማስ ሰብኮናል የሚሉት የኬረላ ክርስቲያኖች ቤት፣ ከእኛ ጋር በሃይማኖት አንድ ናት፤ አባቶቿም በጥር 1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተደረገው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተገኝተዋል። በኬረላ ብቻ ሳይሆን በታላላቆቹ ከተሞች አጥቢያ አላት። ወደዚያ ሲሄዱ አንድ ሽማግሌ ቀርቦ «አባቴ በኢትዮጵያ መምህር ነበር» ቢልዎ አይደነቁ፤ በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ሕንዳውያን ብዙዎቹ የዚያ አገር ሰዎች ነበሩ።

ስለ ከተማው ኑሮና ስለ ሰውነት ጥበቃ

በጐዳና የሚያዩት ሦስት እግር ተሽከርካሪ ያው በቢታ ገነት የሚያውቁት ባጃጅ ነው፤ በትውልድ አገሩ ግን «ኦቶ» ይባላል፤ «ባጃጅ» ብለው ቢጠሩት ነጂው የፋብሪካውን ስም የጠሩ ይመስለዋል። ዋጋውን ሳይነጋገሩ አይሳፈሩ። ራሱን ግራና ቀኝ የሚነቀንቅ ሰው እምቢ ማለቱ ሳይሆን እሺ ማለቱ ነው፤ ይህን ያልተረዳ እንግዳ አንድን ጥያቄ አራት ጊዜ ይጠይቃል። የባቡር ትኬት ከመንገዱ 60 ቀን በፊት ጀምሮ ይሸጣል፤ ቶሎ ያልቃል። ሴት ተማሪ በደልሂ የከተማ ባቡር የመጀመሪያው ሠረገላ ለሴቶች የተለየ መሆኑን ትወቅ፤ ለማንኛውም አደጋ የሚደወለው ቍጥር 112 ነው።

መምህሩ አቋምዎን ለማረም እጁን ሊያሳርፍብዎ ይችላል። የማይፈልጉ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይናገሩ፤ መምህርን ማክበር ሰውነትን አሳልፎ መስጠት አይደለም፤ ይህን ሲሰማ የሚቈጣ መምህር ቢያጋጥምዎ ሻንጣዎን ይያዙ። ጕልበት ላይ የሚሰማ ሹል ሕመም የትጋት ምልክት አይደለም፤ እግርን በጭን ላይ የማጠፍ ሥራ ከዳሌ መፍታታት ሲገባው ከጕልበት ሲወሰድ ጅማት ይጐዳል። በዚያ ጊዜ ያቁሙ፣ ይናገሩ፣ ሦስት ቀን ይረፉ። አጠገብዎ ያለችው ልጅ እግሯን ከራሷ ኋላ ብትሰቅል የእርስዎ ጕዳይ አይደለም።

ትምህርቱን ፈጽመው ቢታ ገነት ሲመለሱ፣ ጎረቤት ሁሉ ምን ተምረህ መጣህ፣ ምን ተምረሽ መጣሽ ማለቱ አይቀርም። ለማሳየት የሚመች አንድ ቀን አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት በወሰነው መሠረት ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ሆኖ የሚከበረው ሰኔ 14 ቀን። ሕንዶች በዚያ ቀን ምንጣፋቸውን በሜዳ ላይ ያነጥፋሉ፤ እርስዎ ግን ቢታ ገነት በሰኔ ዝናብ ነውና የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ቍልፍ ከሳምንት በፊት ይለምኑ።